ለባሌ እግር የመረጥኩት መንገድ

ባሌ ከአደጋው ወዲህ ከቤታችን በር እስከ ጥጉ ሱቅ ድረስ ብቻ ነበር የሚሄደው። ጠዋት ምርኩዙን ይዞ ይወጣል፤ ሱቁ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ቀኑ የሚያልቀው በረንዳ ላይ ነው። ጉባ ወረዳ ውስጥ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ድንጋይ ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ መንገዱ ከጎማው ሥር ተንሸራተተ፤ መኪናው ተገለበጠ፤ የቀኝ ጭኑ ተሰበረ። ብረት ገባለት፤ አጥንቱም ገጠመ። ሐኪሙ በመጨረሻው ቀጠሮ “ከዚህ በኋላ መድኃኒትህ መራመድ ነው” አለው። እሺ ብሎ ቤት መጣና ተቀመጠ። ስለዚያ ቀን ደጋግሜ ብጠይቀውም አንድ ቃል አልተናገረም።

እኔ አሶሳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከጎጃም ተመድቤ መጥቼ እዚሁ ቀረሁ። መምህራን ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ የበርታ ተወላጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ዳር ይኖራሉ። አንድ ጊዜ እነሱ ጋ ዒድ ውላ ስትመለስ ከስልኳ ላይ ፎቶ አሳየችኝ። ቀይ ድንጋይ ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በመካከሉ አሸዋ የሞላው ደረቅ ወንዝ ያልፋል፤ ከላይ ቀጭን ሰማይ ይታያል።

“ከቤታችን ጀርባ ነው” አለች፣ ስለ ጓሮ ጎመን እንደሚያወራ ሰው።

ፎቶውን አስልኬ ማታ ለባሌ አሳየሁት። ስልኩን ከእጄ ወስዶ፣ ምስሉን በሁለት ጣቱ እያሰፋ ብዙ አየው።

“እዚህ ሰው ይገባል?”

“ፍየል ጠባቂዎች ይገባሉ ትላለች። ከታች በኩል ከሄዱ ሜዳ ነው፤ አሸዋ ብቻ።”

“እንሂድ” አለ።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ከሱቁ አልፈን እስከ ገበያ እንሂድ ስለው የሚቆጣ ሰው፣ ገደል ውስጥ ካልገባን አለኝ። ምክንያቱን አልጠየቅኩም። ብጠይቀው ሐሳቡን ይቀይራል ብዬ ፈራሁ።

ዕቅዱን በማግስቱ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ እዚህ የምንኖር ሰዎች ሁሉ ከከተማ ከመውጣታችን በፊት የምንጠይቀው ነው፦ መንገዱ ሰላም ነው? ጓደኛዬ ለአጎቷ ደወለች፤ አጎቷ ለቀበሌው ሊቀመንበር ነገሩ፤ ሊቀመንበሩም ይምጡ፣ ግን ከቀትር በኋላ ብዙ አይቆዩ አሉ። ብዙ ማለት ምን ያህል እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም በልቤ አሳጠርኩት። ከዚያ የወቅቱ ነገር መጣ። ኅዳር ገብቶ ዝናቡ ቆሟል፤ ወንዙም ደርቋል፤ ሣሩ ግን ገና ሰው ይውጣል። ምርኩዝ የያዘ ሰው ሥሩ የማይታይ ሣር ውስጥ ምን ሊረግጥ እንደሚችል ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ። በየበጋው ሣሩን ያቃጥሉታልና፣ አጎቷ በስልክ “ሣሩ ይቃጠል፣ ከዚያ ኑ” ስላሉ ጠበቅን። ባሌ ግን መጠበቁን አልወደደውም። በየቀኑ “ተቃጠለ?” እያለ ይጠይቀኝ ጀመር። የሚያጣድፈው ነገር እንዳለ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሣሩ መቃጠሉን እንደሰማን እሱን ቤት ትቼ ከጓደኛዬ ጋር ቀድሜ ሄድኩ። መንገዱን በገዛ ዓይኔ ሳላይ ላስገባው አልፈለግኩም። ገደሉ ውስጥ ስንገባ ቀኝ እግሬን እንደ እሱ እየጎተትኩ፣ የቆረጥኩትን የቀርከሃ ዱላ እየተመረኮዝኩ ተራመድኩ። ጓደኛዬ እስኪያማት ሳቀች። እኔ ግን የምፈልገውን አገኘሁ፦ መሐል አሸዋው ላይ ዱላ ይሰምጣል፣ ሰው ቶሎ ይደክማል፤ ግድግዳውን ተጠግተው ከሄዱ ግን መሬቱ ጠንካራ ነው፣ ጥላም አለ። ወደ ውስጥ ዘለቅ ሲሉ ከላይ የወደቀ ቤት የሚያህል ቋጥኝ ወንዙን ይዘጋዋል። በጎኑ ማለፍ ይቻላል፤ ከእሱ ወዲያ ግን ገደሉ ይጠባል፣ ድንጋዩም ይበዛል። ቋጥኙን በእጄ መታ መታ አድርጌ “እዚህ ጋ እንመለሳለን” አልኩ።

ደስ ብሎኝ ነበር ወደ ቤት የተመለስኩት። ግቢ ስገባ ባሌ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ በስልክ ያወራል።

“ቅዳሜ እግሬን አየዋለሁ። ሰኞ ደውልልኝ፣ ቁርጡን እነግርሃለሁ።”

ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ዞር ሲል አየኝ።

“ማነው?”

“አለቃዬ የነበረው ነው። ጉባ ያለው።”

“ምን ፈለገ?”

“ሹፌር ጎድሎበታል።” ስልኩን ኪሱ ከተተ። “መራመድ ከቻልክ መንዳት አያቅትህም ይላል።”

“ፎቶውን ስታይ ታዲያ ያየኸው ገደሉን አልነበረም።”

“ገደሉን ነው ያየሁት። የሥራው ቦታ መንገድ እንዴት ያለ እንደሆነ አንቺ አታውቂም። አሸዋና ድንጋይ ላይ መሄድ ካልቻልኩ እዚያ ምን እሠራለሁ?”

“ባትችልስ?”

“ካልቻልኩ አርፌ እቀመጣለሁ። ሁለተኛ የጉባን ስም ከአፌ አትሰሚም።”

“ከቻልክስ?”

ምርኩዙን አንሥቶ ወደ በረንዳው ሄደ። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም።

ያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ አየር አልነበረም። ስለ ጉዞው እናወራለን፤ ስለ ሌላ ነገር አናወራም። ስንት ጠርሙስ ውሃ እንያዝ፣ ጫማው ይጎረብጠዋል ወይ፣ ማስታገሻውን ቁርስ ላይ ይዋጥ ወይስ እዚያ ሲደርስ። እያንዳንዱን ነገር ባስተካከልኩ ቁጥር ለእሱ መሄጃ እየጠረግኩ እንደሆነ ይሰማኛል። ደግሞ ባላስተካክለውስ? ያ እግር እኔ ራሴ ያጠብኩት፣ ፋሻ የቀየርኩለት እግር ነው።

ጓደኛዬን በዕረፍት ሰዓት ነገርኳት። ሻይዋን አማስላ አማስላ “እኔ ብሆን በላይኛው በኩል ነበር የማወርደው” አለች። ከመንደሩ ጀርባ በቀጥታ ወደ ገደሉ የሚወርድ አቋራጭ አለ፤ ድንጋዩ እንደ ደረጃ የተደራረበ፣ ቁልቁል የሆነ። “ግማሽ ሳይደርስ ራሱ እንመለስ ይልሻል። ነገሩም ያልቃል።”

“ቢወድቅስ?”

“እንይዘዋለን።”

“እሱን የሚያህል ሰው?”

ሻይዋን ማማሰሏን ቀጠለች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ያ አቋራጭ ከዓይኔ አልጠፋም። ሰሌዳው ላይ የልብ ሥዕል እየሣልኩ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን አቀያየርኩ፤ ተማሪዎቼ ናቸው ያረሙኝ። ማታ እግሩን ቅባት እየቀባ አየሁት። ጠባሳው ላይ ሲደርስ እጁን ቀለል ያደርጋል፤ የሰው ዕቃ የሚነካ ይመስላል። በታችኛው በኩል እንደምንሄድ ያኔ ወሰንኩ። የሚመጣው ይምጣ አልኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ውሃ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ማስታገሻ፣ ፋሻና ሲደክመው የሚቀመጥበት ጋቢ ይዤ፣ ሦስታችን በሚኒባስ ወጣን። ኬላው ላይ አስወረዱን። አንዱ ጠባቂ መታወቂያችንን አየና ዓይኑን የባሌ እግር ላይ ተከለ።

“ወዴት ነው?”

“ቀዩ ገደል” አልኩ።

“ምን ልትሠሩ?”

“ልንራመድ።”

“ልትራመዱ?” ወደ ጓደኛው ዞረ። “ልንራመድ ይላሉ።” ቦርሳዬን ከፍቶ ዳቦውን ሳይቀር ገለባበጠው። በዚያ በኩል ሰው የሚሄደው ወርቅ ፍለጋ ነውና፣ መቆፈሪያ የደበቅን መስሎታል። ምርኩዙን ከባሌ እጅ ተቀብሎ ጫፉን አየ፤ ነቀነቀው። ባሌ ያለ ምርኩዝ መንገዱ መሐል ቆሞ ቀረ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲያብጥ አየሁና ክርኑን ያዝኩት። ጓደኛዬ ፈጠን ብላ የአጎቷን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ የሊቀመንበሩን ፈቃድ ዘረዘረች። በመጨረሻ ምርኩዙን መለሰለትና “ከቀትር በኋላ እዚህ እንዳላያችሁ” አለን።

አጎቷ መንገድ ዳር ማንጎ ሥር ቆመው ጠበቁን። ረዘም ያሉ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሰው ናቸው። ባሌን ጨብጠው እጁን ሳይለቁ ወደ እግሩ ጎንበስ ብለው አዩ።

“ሸውየ ሸውየ ትሄጃለሽ” አሉት፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። አማርኛቸው ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል። ባሌ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለ። “እሺ አባባ፣ እሄዳለሁ።”

ገባን። የሣሩ አመድ ጫማችንን አጠቆረው። ከዚያ ግድግዳዎቹ ከግራና ከቀኝ ተነሡ፤ ጠዋት ስለነበር ድንጋዩ አናቱ ላይ እንደ ፍም ቀልቶ ከታች ገና ጥላ ነበር። ባሌ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ እኔ ባየሁለት ጠንካራ መሬት ላይ ሄደ። አጎቷ ከፊት፣ ጓደኛዬ ከኋላ፣ እኔ ከጎኑ። ዓይኔ እግሩ ላይ ነው፤ ገደሉን አላየሁትም ማለት ይቻላል። ትንፋሹን እሰማለሁ፤ ምርኩዙ ድንጋይ ሲነካ ቋ ይላል። ሲያርፍ ጋቢውን አነጥፋለሁ፤ ውሃ እሰጠዋለሁ። “እንዴት ነህ?” ስለው “ደህና” ይለኛል። ደህና ነበር። በሄድን ቁጥር እርምጃው ይረዝም ጀመር፤ እኔ ደግሞ ቋጥኙን ከሩቁ በዓይኔ እፈልጋለሁ።

ቋጥኙ ጋ ስንደርስ ቆምኩ። “እዚህ ጋ ነው የምንመለሰው።”

“ከዚህ ወዲያስ ምን አለ?”

“ድንጋይ።”

“እስኪ ልየው።”

“የተስማማነው እስከዚህ ነው።”

“አንቺና ማን ናችሁ የተስማማችሁት?” ድምፁ ገደሉ ውስጥ አስተጋባ። አጎቷ ፊታቸውን አዞሩ፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚሰማ ሰው እንደሚያደርገው። “ሜዳ ላይ የሄድኩትን ልቁጠረው? እንደ ሕፃን ይዘሽኝ መጥተሽ፣ ሰኞ ምን እንድለው ነው?”

“የፈለግኸውን በለው። ከዚህ ግን አታልፍም።”

አለፈ። በቋጥኙ ጎን ምርኩዙን እያስቀደመ፣ በግራ እጁ ድንጋዩን እየደገፈ ገባ። ተከተልኩት፤ ምን ላድርግ? ወዲያኛው በኩል ገደሉ ጠቦ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ባሌ አንድ ድንጋይ ወጣ፣ ሁለተኛውን ወጣ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ምርኩዙ አዳለጠውና የብረት ጫፉ ግድግዳውን ጠንከር አድርጎ መታው። አልወደቀም። ግን ከላይ፣ ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ፣ የሚንቀለቀል ምድጃ የመሰለ ድምፅ ተሰማ።

“ንብ! ንብ ነው!” አሉ አጎቷ። “አትምቱ! ሸፍኑ!”

የመጀመሪያዋ ግንባሬን ነደፈችኝ። ከዚያ በኋላ መቁጠር የለም፤ አየሩ ጠቆረ። ጓደኛዬ ሻሿን ፊቷ ላይ ጠቅልላ ወደ ቋጥኙ ሮጠች፤ አጎቷ “ሩጡ!” ብለው እየገፏት አብረዋት ሄዱ። ባሌ ደግሞ ምርኩዙን ጥሎ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆሟል።

“ሩጪ!” አለኝ። “ሩጪ እንጂ!”

እሱ መሮጥ አይችልም። ጋቢውን ከትከሻዬ ላይ ገፍፌ በእሱም በእኔም ላይ ጣልኩትና ጎትቼ እዚያው ግድግዳው ሥር አስቀመጥኩት። የታመመ እግሩን እንዳያጥፈው በጭኔ ደግፌ ያዝኩለት። ጫፎቹን ከሥራችን ወሸቅኳቸው። አብረውን የገቡት ውስጥ ሆነው ነደፉን፤ የቀሩት ከላይ ጋቢው ላይ ይንጫጫሉ። በጨርቁ ላይ ሆነው ጀርባዬን ሲወጉኝ ትኩስ መርፌ ነው የሚመስለው። ላለመንቀሳቀስ ከንፈሬን ነከስኩ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ይሞቃል፤ ትንፋሻችን ፊታችን ላይ ይመለሳል።

ባሌ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከንቡ መስሎኝ “አይዞህ፣ ይሄዳሉ” አልኩት።

“መኪናው ውስጥ እንዲህ ነበር” አለ።

በጨለማው እጁን ፈልጌ ያዝኩት።

“ተገልብጬ ተንጠልጥዬ ነበር። እግሬ መሪው ሥር ነበር። ሰዎች ሲጮሁ እሰማለሁ፤ ማንም ግን አይመጣም። መኪናው እንደገና ይንሸራተታል ብለው ፈርተው ነው፤ አልፈርድባቸውም። እኔም ብሆን አልመጣም።” ትንፋሹ ቆረጥ ቆረጥ ይል ነበር። “ሩጪ ስልሽ ለምን አልሮጥሽም?”

“ወዴት ልሩጥ?” አልኩት።

ጭስ ሸተተኝ። አጎቷ ከቋጥኙ ወዲያ ደረቅ ሣር ላይ እርጥብ ቅጠል ጭነው፣ የሚጨሰውን ነዶ እየወዘወዙ ተመልሰው መጡ። ፊታቸውን በጥምጥማቸው ሸፍነዋል። “ተነሡ። ሸውየ። አትሩጥ አንቺ” አሉኝ። ጋቢውን እንደተሸፋፈንን ተነሣን። ምርኩዙ የት እንደወደቀ ማን ይፈልግ? ባሌ ክብደቱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ፣ ድንጋዮቹን ከላይ ወደ ታች በቂጡ እየተንሸራተተ ወረደ። አሸዋው ላይ ስንደርስ ቆመ። ንቦቹ ከኋላችን ቀሩ፤ ፊቱ ግን ከመቼው ዓይኑ እስኪጠፋ አበጠ።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ነው የከበደኝ። ብዙ ንብ የነደፈው ሰው ጉሮሮው ሊዘጋ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ለተማሪዎቼ አስተምሬዋለሁ። በየጥቂቱ “አናግረኝ” እለዋለሁ። “ምን ላውራ?” ይለኛል በተወላገደ አፍ። “ዝም ብለህ አውራ።” በመጨረሻ ከአሶሳ እስከ ጉባ የሚያልፍባቸውን ከተሞች በተራ ይጠራ ጀመር፤ ሲያበቃ ከጉባ ወደ አሶሳ መለሳቸው። ጓደኛዬ ሞተር ሳይክል ፍለጋ ቀድማ ሮጠች። እኛ በመጣንበት ግድግዳ ሥር፣ ባሌ በአንድ ትከሻው እኔን በአንዱ አጎቷን ተደግፎ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቀመጥ ተራመደ። ማንጎው ጋ ስንደርስ ሞተር ሳይክሉ እየጠበቀን ነበር።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለችው ነርስ መርፌ ወጋችው፤ አልጋ ላይ አስተኝታ ትንፋሹን ስታዳምጥ ቆየች። እኔን ግድግዳ አስደግፋ እሾሁን ከአንገቴና ከጀርባዬ በምላጭ ጠርዝ እየጠረገች አወጣችልኝ። “ደረቱ ንጹሕ ነው” ስትለኝ ነው እንባዬ የመጣው። ከዚያ ወዲያ ማቆም አቃተኝ።

ሰኞ ጠዋት ስልኩ ጠራ። የባሌ እብጠት ገና አልወረደም፤ ከንፈሩ ተገልብጦ ነበር። አነሳና ተናገረ፤ ከወዲያ በኩል “ማነው? አይሰማም!” ይላል ሰውየው። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ስልኩን ዘረጋልኝ።

“አንቺ ንገሪው።”

“ምን ልበለው?”

ትከሻውን ሰበቀ። ያበጠው ዓይኑ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት አልቻልኩም። ስልኩን ተቀበልኩ፤ ራሴን አስተዋወቅኩ።

“እግሩ እንዴት ሆነ?” አለኝ ሰውየው። “ይሄዳል?”

ገደሉ ውስጥ፣ አሸዋው ላይ፣ ፊቱ አብጦ ሳይቀመጥ የሄደው መንገድ ታወሰኝ። ዋሽቼ አይሄድም ብዬ ብመልስለት ባሌ ምንም አይለኝም ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ።

“ይሄዳል” አልኩ። “ግን ከባድ መኪና አይዝም። ድንጋይ አይጭንም። ሌላ ሥራ ካላችሁ ይመጣል።”

ባሌ ስልኩን ከእጄ አልነጠቀኝም።

“መኪኖቹን የሚያሰማራ ሰውም እንፈልጋለን” አለ ሰውየው በመጨረሻ። “ደመወዙ ግን እንደ ሹፌር አይደለም።”

ባሌን አየሁት። ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ነው። ስልኩን ዘግቼ ሰጠሁትና ጓዳ ገባሁ፤ የምሠራው ነገር ሳይኖረኝ ዕቃ አንኳኳሁ።

ከገና በፊት ሄደ። እብጠቱ ጠፍቶ፣ አዲስ ምርኩዝ ይዞ። መናኸሪያ ልሸኘው ሄጄ አውቶቡሱ ላይ ሲወጣ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ብረቱን በራሱ ይዞ ወጣ። በመስኮት በኩል ተቀምጦ አየሁት፤ የታመመ እግሩን ወደ መተላለፊያው ዘርግቶታል፤ አንዲት ሕፃን የያዘች ሴት ስትገባ እንደምንም ሰብሰብ አደረገው። አሁን ወር በገባ ቁጥር ይመጣል። አንዳንዴ ምሽት ላይ፣ ሳልጠይቀው፣ ስለዚያ መገልበጥ ጥቂት ይነግረኛል፤ ከዚያ ይበቃዋል፣ ወሬ ይለውጣል። እግሩ ሲበርድ ያመዋል። እኔም በሚመጣበት ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ጓደኛዬ የምትለኝን ሳልሰማ በፍጥነት እሄዳለሁ፤ ቤት ደርሼ በሩ ክፍት መሆኑን እስካይ ድረስ ልቤ አያርፍም።